በኢዲዶ የማርታ ተራ የነበረበት ቀን

ማክሰኞ

ከዲላ የተነሣሁት ከይርጋ ጨፌ በላይ ባለችው መንደር፣ በኢዲዶ፣ ያሉ ልጆችን ፈንጣጣ ለመከተብ ነው። የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። የስምንት ወር ልጄን ስምረትን አዝያለሁ፤ በእጄ የክትባቱን ሣጥን፣ በቦርሳዬ የመዝገብ ቅጾችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዣለሁ። ወረቀቱ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻዬ ነበር። ስመለስ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ልሰጠው ወስኛለሁ።

ሞግዚታችን ወደ አገሯ ከሄደች ወዲህ ሥራ ላይ ስሆን ልጄ፣ ከልጄ ጋር ስሆን ሥራዬ እያሳሰበኝ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ሕመምተኛ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል እግዚአብሔር ነው እጄን የያዘው። ባለቤቴ መምህር ነው። "አንቺ ያልሽው ይሁን" አለኝ። ደግ ቃል ነው፤ ሆኖም ሸክሙ እኔው ላይ ቀረ።

አውቶቡሱ ይርጋ ጨፌ ሲደርስ ሁላችንም በአቧራ ቀልተን ነበር። አስተርጓሚዬ ጋሽ ጅግሶ መናኸሪያው ጋ ጠበቁኝ። ሙዝ በአሥር ሳንቲም ገዛሁ፤ ሁለታችን በልተን ተረፈ። ማታ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ባልና ሚስት አሳደሩኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ረቡዕ

ወደ ኢዲዶ በእግር ወጣን። መንገዱ በእንሰትና በቡና መካከል ያልፋል፤ ከላይ ትላልቅ ዛፎች ጥላ ሆነውታል። ቡናው ቀልቷል።

"ሣጥኑን ስጪኝ ልጄ" አሉኝ ጋሽ ጅግሶ።

"ግድ የለም፣ እችላለሁ።"

"ከይርጋ ጨፌ ጀምሮ ሦስት ጊዜ እችላለሁ ብለሻል። ማን አትችልም አለሽ?"

ሣጥኑን ሰጠኋቸው።

ጠዋት በመንደሩ ጸሎት ቤት ግቢ ብዙ ልጆች ከተብኩ፤ አንድ ቅጽ ብቻ ቀረኝ። ከዚያ ሴቶች በደቦ ቡና ወደሚለቅሙበት ማሳ ወረድን። አንዲት ሴት ብቻዋን እንሰት ሥር ተቀምጣለች፤ ሰባት ሕፃናት ከብበዋታል። አንዱ ጭኗ ላይ ተኝቷል፣ አንዱ ነጠላዋን ያኝካል።

"የማን ልጆች ናቸው?" አልኩ።

"የኔ" አለች፣ በአማርኛ። ስሟ ማርታ ነው።

በቀረኝ ቅጽ ላይ፣ በሰባቱም መስመር፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ ማርታ፣ ማርታ እያልኩ ሞላሁ። ድካም ነው መቼም። ዕድሜያቸውን ስጽፍ አራቱ ስምንት ወር ሆኑብኝና ብዕሬን አነሣሁ።

"ጋሽ ጅግሶ፣ አራቱ መንታ ናቸው እንዴ?"

እሳቸው በጌዴኦኛ ሲያስተረጉሙ ከቡናው መሐል ሳቅ ፈነዳ። አንዷ ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ "ማርታ በአንድ ጠዋት ሰባት ወለደች" አለች። ሌላዋ፣ "ባልዋ ሳይሰማ ዝም በይ" አለቻት፤ ጋሽ ጅግሶ ናቸው የተረጎሙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በለቀማ ጊዜ በየቀኑ አንዲት ሴት በተራዋ የሁሉንም ልጆች ትይዛለች። የዚያን ቀን ሁሉም የእሷ ናቸው፤ ማንም ቢጠይቃት የኔ ትላለች። የራስዋ የማርታ ልጅ አንዱ ብቻ ነበር።

ቅጹ ተበላሸ፤ ሌላ አልነበረኝም። ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤ ያገኘሁት ባዶ ወረቀት የማመልከቻዬ ጀርባ ብቻ ነው። ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ አሰመርኩና የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከትክክለኛ እናቱ ስም ጋር ጻፍኩ።

ልከትብ ስጎነበስ ስምረት ጀርባዬ ላይ አለቀሰች፤ አንድ እጄን ወደ ኋላ ልኬ መታ መታ አደረግኳት። ማርታ እጆቿን ዘረጋች።

"ስጪኝ። ዛሬ የኔ ተራ።"

"ሰባት ይዘሻል እኮ።"

"ስምንት ይሁን።"

ሰጠኋት። ሞግዚቷ ከሄደች ወዲህ ልጄን ከዘመድ ውጭ ለሰው ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ስምረት የማርታን የአንገት ጌጥ ይዛ ዝም አለች። ሁሉንም በሁለት እጄ ከተብኩ፤ መቼ እንደጨረስኩ አላወቅሁም።

ወደ ማምሻው ሴቶቹ ከየቅርጫታቸው ሁለት ሁለት እፍኝ ቀይ ቡና እያነሡ ማርታ ቅርጫት ውስጥ ጨመሩ። የተራዋ ድርሻ ነው። ማርታ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ?"

ገብቼ ለቀምኩ። ሁለት እፍኜን ስገለብጥ አዩና ጥሬውን አረንጓዴ እየለቀሙ መለሱልኝ። "ሐኪም መርፌዋን ትያዝ" አሉ። ደህና አድርገው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነበር። ከዚያ የጾም ነው ብለው ቆጮ በጎመን አበሉኝ።

ሐሙስ

ዲላ ስገባ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩና መዝገቡን አስረከብኩ። ኃላፊው የመጨረሻውን ወረቀት ገለበጡት፣ አነበቡት፣ እንደገና ገለበጡት።

"የትኛውን ገጽ ነው ያመጣሽልኝ?"

"የልጆቹ ስም ያለበትን፣ ጌታዬ።"

የልጆቹን ስም ወደ ላይ አድርገው ከመዝገቡ ጋር አያያዙት።

ከወር በኋላ

ከኢዲዶ በተመለስኩ ሰሞን፣ በከሰዓት የምታስተምረውን ጎረቤቴንና መንገድ ዳር ሱቅ ያላትን ወይዘሮ ሰብስቤ የማርታን ነገር አጫወትኳቸው። እነሱም ትንንሽ ልጆች አሏቸውና ተራ አወጣን። ጠዋት መምህርቷ፣ ከሰዓት ባለሱቋ ይይዛሉ። የእኔ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ለባለቤቴም ስነግረው፣ "እኔስ ተራ የለኝም?" አለ። ዓርብ ማታን ሰጠሁት።

ጭንቀቴ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን እተኛለሁ። ባለፈው እሑድ አምስት ልጆች ይዤ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ አንድ መንገደኛ ቆመና፣ "እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው?" አለኝ።

"የኔ" አልኩት።