የቡላ ጠፍር

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ጥሬ ጠፍር ሸተተኝና ቡላ ትዝ አለኝ። ዓይነ ስውሩ አባቴ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጣታቸውን ወተት ውስጥ እየነከሩ እያላሱ ያሳደጉት፣ አንገቱ ላይ በታሰረ ጠፍር እየመራ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ውሻችን ነበር። ውሻ ቅጥሩ ውስጥ አይገባምና በሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል።

አባቴ የተቀበሩ ዕለትም እዚያው በሩ ላይ ተኛ። ጠፍሩን ብጎትተው፣ ብለምነው አልነሳ አለኝ።

ግራ ገብቶኝ ስቆም እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ዓይንሽን ጨፍኝና ያዢው» አለችኝ።

ጨፈንኩ። ተነሳና ቀስ እያለ ቤት አደረሰኝ።

እንደዚያ ያለችው ለቡላ ብላ ይሁን ወይስ እንባዋን እንዳላይባት፣ ዛሬም አልገባኝም።

«ምነው እታለም፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ጠፍር ሻጩ።

ለካ ጠፍሩን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ።