የጾሙ ሳሙና ፍስክ የሆነ ጊዜ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት... ሱቁን ከፍቼ መደርደሪያውን እየወለወልኩ ሳለ መሪጌታ ገቡ። መሪጌታ ቅኔ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው፤ የመካነ ሰላም ግማሹ ዲያቆን በሳቸው ኩርኩም ነው ያደገው።

«ልጄ፣ ከዚያች ከጾሟ ሳሙና አሥር ፍሬ ስጪኝ» አሉኝ።

ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የሳሙናና የቅባት ሱቅ ደሴ የተጀመረ፣ ከኛ ከመካነ ሰላሙ ሌላ ኩታበርም ወረኢሉም ቅርንጫፍ የነበረው ነው። የጀመሩት ሴትዮ ሳሙናውን የሚሠሩት ከኑግ ዘይትና ከእሬት ነበር። ዘይቱን ከገበሬው በደህና ዋጋ ይገዛሉ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ለመጣ ሰው ሻምፖ ይሞላሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ» የሚል ትልቅ ፖስተር ሰቅለዋል። ይህን ያሉት ለእንስሳቱ አዝነው ነው። የኛ ሰው ግን ፖስተሩን አነበበና በአንድ ድምፅ «የጾም ነው ማለት ነዋ!» አለ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «የጾም ሳሙና» ሆነ።

ለማስረዳት ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። አንዷን እናት «እማማ፣ ሳሙና እኮ አይበላም» ብላቸው «ፊቴን ስታጠብ አፌ ውስጥ ጠብ ቢልስ?» አሉኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሰልፉ እስከ መናኸሪያው ይደርስ ነበር። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂም «ወላሂ ልብ ያሳርፋል» እያሉ በካርቶን ነበር የሚወስዱት።

ከዚያ ሴትዮዋ ደከማቸውና ድርጅቱን ለአዲስ አበባ ሰዎች ሸጡት። ጠርሙስ መሙላቱ ቀረ። የገበሬው ዘይት ቀረ። ወረኢሉ ተዘጋ፣ ኩታበር ተከተለ። እኔ ጋ ካርቶኑ ያው፣ ፖስተሩም ያው። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ የመጣ ዕቃ ስፈታ ግን ከማሸጊያው ጀርባ፣ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል፣ «የከብት ሞራ» የሚል አነበብኩ።

ለአዲሱ አለቃዬ ደወልኩ።

«ማን ያነባል ብለሽ ነው? ፖስተሩን እንዳትነኪ! በዚህ ወር ሽያጭ ካልጨመረ ያንቺም ይዘጋል» አለኝ።

እኔም እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ ሸጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ወደ መሪጌታ ልመለስ። «አሥር ሳሙና ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው፣ ነገሩን ለማራዘም።

«የመቅደሱን መጋረጃ ለትንሣኤ ልናጥብ ነው። አንቺ ዘንድ ካለው ሌላ አላምንም» አሉ።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ሐጂም በዚያው ሰዓት ገብተው ቆመዋል... ይምጣ የመጣው ብዬ «መሪጌታ፣ ፍስክ ሆኗል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሳሙናው። ሞራ ገብቶበታል።»

መሪጌታ እጃቸውን አዩ። መዳፋቸውን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«በሁዳዴ በዚህ ነው ስታጠብ የሰነበትኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«እንግዲህ እኔ ሳላውቅ ነው። የኔ ይቀላል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ፊቴን ሲያዩ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ለዘብ አሉ። «መጋረጃው በእንዶድ ይታጠባል፤ አባቶቻችንስ በምን ሲያነጡት ኖሩ? ለራሴ ግን ሽታውን ለምጄዋለሁ። ሁለት ፍሬ ለፋሲካ አስቀምጪልኝ።»

ነፍሴ መለስ አለች። ለካ ፍስክ ከሆነ ፋሲካ ሲደርስ ይሸጣል! በሐሳቤ ከተማውን በሙሉ አሰልፌ፣ ሱቁን አትርፌ፣ ደመወዝ እንዲጨመርልኝ ሁሉ ጠየቅሁ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሪጌታ... የማን እርድ ነው?»

«ምን አሉ?»

«ከብቱ ነዋ። ሞራ ካለ ከብት ታርዷል፤ ከብት ከታረደ ያረደው ሰው አለ። እኔ ቢስሚላህ ያልተባለበትን ገላዬን አላስነካም። እርስዎም የኛን እርድ አይነኩም።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና «እውነትዎን ነው» አሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ምን ላድርግ? ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ሳሙናው ውስጥ ያለው ሞራ... ከብቱን ያረደው ማነው?»

«ምን?»

«ክርስቲያን ነው ሙስሊም?»

«ሞራው በበርሜል ከውጭ ነው የሚመጣው! እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ያረደው አይታወቅም» አሉ ሐጂ።

«አይታወቅም» አሉ መሪጌታ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናብ እንኳ የማይስማሙ ናቸው። ዱላቸውን አንስተው ተያይዘው ወጡ። ሐጂ ደፉ ላይ ዞር ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ ቢዘገይም ተናግረሻል» አሉኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ፖስተሩን አወረድኩት። አለቃዬ ለካ ስልኩን አልዘጋም ነበር፣ ወረቀቱ ሲቀደድ ሰምቷል።

«ምን እያደረግሽ ነው? በቃ፣ ቅርንጫፉን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ጌታዬ፣ ሱቁማ ሞራው የገባ ቀን ተዘግቷል» አልኩት፣ «እኔ በሩን ነው ስከፍት የከረምኩት።»