ጥፋቱን የሚወስዱት ኃላፊ

የማባዣ ቀለም በሸተተኝ ቁጥር፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ጎንደር በነበረው ቢሯችን ለሰባት ወር የመሩን ሰው ይታወሱኛል። የሸሚዛቸው አንገትጌ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ እንኳየሁ መጥረጊያ ይዘው ሲገቡ እርሳቸው ከወንበራቸው ይነሣሉ። በደብዳቤ ላይ ስሕተት ሲገኝ ማን ጻፈው አይሉም፤ «ሳላነብ የፈረምሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። እኛም ሳንታዘዝ ሁለት ጊዜ ማንበብ ለመድን፤ ማልደን መግባትም ደስ ይለን ጀመር። ከእርሳቸው ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማልዶ ለመግባት ግን ልቤ ተነሥቶ አያውቅም።

ስለ ቤታቸው አንዳች አናውቅም። አንድ ቀን ኮታቸውን ሲሰቅሉ ከገበሩ ሥር በመርፌ የተያዘ ጥቁር ጨርቅ አየሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ያን ጊዜ ሐዘንም ይደበቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱን የውይይት ክበብ የሚመራው ካድሬ መጣ። ታይፒስቷ ውቢት የታመሙ እናቷን ልትጠይቅ ኮላ ድባ ወርዳ ከሰኞው የውይይት ክበብ ቀርታለች።

«ያለ ፈቃድ ነው የሄደችው። አድኃሪ ናት፤ ትታሰራለች!» አለ።

ውቢት ከጽሕፈት መኪናዋ ኋላ ጎንበስ አለች።

«እኔ ፈቅጄላት ነው» አሉ ኃላፊው። ፈቃድ አለመጠየቋን ሁላችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?»

«ምነው፣ ነገርሁህ እኮ! የኔን ስም ጻፍ።»

«እንግዲያው ተነሥ፤ ትፈለጋለህ።»

ብዕራቸውን ከደኑ። ውቢት «ጋሼ!» ብላ ብድግ ስትል፣ ከማናችንም ጋር የሚዋደዱ እንዳይመስል ፊታቸውን አዞሩ። ደኅና ዋሉም ሳይሉን ወጡ።