ድራመኛው ክሊፎርድና የማይተነፍሰው ምት

ክሊፎርድ ደንግወርዝ በሳምንቱ ቀናት እዚሁ እንግሊዝ፣ ሸፊልድ ከተማ፣ ሞረድ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በሠራተኞች ክበባችን ድራም ይመታል። በክበባችን የሚዘፍን ሁሉ ኖታውን ለእሱና ለኦርጋን ተጫዋቹ ያስረክባል። የሰከረም ይሁን የፈራ፣ ክሊፎርድ ትከሻ ትከሻውን እያየ ያጅበዋል፤ ሲዘገይ ይጠብቀዋል፣ ሲፈጥን ይከተለዋል። እኔ የድምፅ ማጉያው ሠራተኛ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ከጎኑ ነኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሎርና የምትባል ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ነጠላ ዜማቸው በሸክላ ከወጣ ሰንብቷል፤ ሬዲዮ ግን አላጫውትም ብሏል። ኖታ የላቸውም፤ ሁለት ኪቦርድና አንድ ትንሽ ሳጥን ብቻ።

«ድራመራችሁስ?» አላት ክሊፎርድ።

«ይኸውልህ» ብላ በኤሌክትሪክ ራሱ ምት የሚመታውን ሳጥን ጠቆመችው።

«ቢራ ይጠጣል?»

«አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ አያረፍድም።»

«እንግዲያው ለእኛ ክበብ አይሆንም!»

ዘፋኙ ካልጣመን፣ የክበቡ ጸሐፊ ሆራስ ሒሳቡን ሰጥቶ ግማሽ ላይ ያሰናብተዋል፤ ቢንጎ ወደሚባለው የቁጥር ዕጣ ጨዋታ እንገባለን። ያን ቀን ግን ሆራስ ፍርዱን ለክሊፎርድ ተወለት። «ይሄ ሳጥን ከተወደደ አንተን የሚፈልግህ የለም። አንተው ወስን» አለው።

ዜማው ተጀመረ። ክሊፎርድ እንደ ልማዱ ማጀብ ያዘ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሎርና ትንሽ ዘገየች፤ ጠበቃት። ሳጥኑ ግን አልጠበቀም። ክሊፎርድ ወደ ኋላ ቀረ፣ ሊደርስበት ሮጠ፣ አለፈው።

«ክሊፍ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። በደንብ የሰማነው ያኔ ነው። ምቱ ንቅንቅ አይልም፤ የልጅቷ ቀጭን ድምፅ በላዩ ብቻውን ይሄዳል። ሰው ብርጭቆውን ከንፈሩ አድርሶ መጠጣቱን ረሳ። ማንም ቢዘፍን የሥጋ ፓይ ማዘዝ በማይቋረጥበት አዳራሽ፣ አስተናጋጇ ሳትቀር ቆማ ቀረች።

ክሊፎርድ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «አይተነፍስም እኮ! እሱ ስለማይተነፍስ ነው የሷ ትንፋሽ የሚሰማን። ስንት ዓመት ሙሉ የዘፋኞቹን ትንፋሽ ስሸፍንባቸው ኖሬያለሁ!»

ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሆራስ የቢንጎውን ኳሶች ይዞ «እህስ? ላሰናብታቸው?» አለ።

ክሊፎርድ ተነሳ፤ ከመድረኩ ወርዶ ከሰው መሀል ተቀመጠ።

«ቢንጎው ይቆይ» አለ። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ድገሚልን፤ አሁን ከፊት ሆኜ ልስማው።»