የማይለየው ቀይ

በጌጣጌጥ ቤቱ ውስጥ ወጣቱን ሠራተኛ ሁሉም «አረንጓዴው» ይሉታል። ሥራው ወርቁ ሳይቀልጥ፣ ድንጋዩ ሳይገዛ፣ ደንበኛ ያዘዘውን ጌጥ ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ አድርጎ ማሳየት ነው። በገባ ሰሞን ለአንዲት ሙሽራ ቀዩን ፈርጥ አረንጓዴ አድርጎ ላከላትና ስሙ በዚያው ተለጠፈበት። አብሯቸው ሳቀ እንጂ እውነቱን አልተነፈሰም። ቀይና አረንጓዴ ለዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ናቸው።

ይህን የምታውቀው ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። እሷ የውበት ሳሎን ውስጥ የፀጉር ቀለም ትበጠብጣለች፤ ደንበኛ «ቡናማ» ካለቻት «የትኛው ቡናማ?» ብላ ሳታፋጥጥ አትለቅም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ነርስ መጡ። የእናታቸው ቀለበት ቤት ሲቀይሩ ጠፍቶባቸው፣ የቀራቸው እናትየው ቀለበት ያለበትን እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው።

«እንደዚህኛው ላሠራ ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር፤ ያሳዩኝ ሥዕል ሁሉ ፕላስቲክ ይመስላል» አሉ።

ፎቶውን ሲያይ ደስ አለው። የሚያሳስተው ቀለም የለበትም። ብርሃኑ በየት እንደገባ፣ ድንጋዩ የት ጋ እንደጠቆረ፣ የወርቁ ጠርዝ የት እንደሳሳ ሁሉ ወለል ብሎ ታየው። ፕሮግራሙ ከራሱ የሚጨምረውን ድምቀት ቀነሰ፣ ጥላውን አለሰለሰ፣ ድንጋዩ መሀል አንዲት የብርሃን ነጠብጣብ ብቻ ተወ። ግራጫው ቀለበት ከስክሪኑ ላይ የሚነሳ መሰለ። የቀረው ቀለሙ ነው።

እዚህ ጋ ሲደርስ ተነስቶ ባለሱቋ ዘንድ ሄደ።

«እትዬ፣ ቀይ አይታየኝም።»

ባለሱቋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሠራህ?»

«ኮምፒውተሩ ለየቀለሙ የሚሰጠውን ቁጥር እየሸመደድኩ። የዚህኛው ቁጥር ግን የትም የለም፤ ያለው ሴትዮዋ ልብ ውስጥ ነው። እህቴን ላምጣት?»

ባለሱቋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «አምጣት» አሉ።

እህትየው ቀለም የነካው ጣቷን እየጠራረገች መጥታ ከነርሷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ዓይነት ቀይ ነበር፣ እማማ?»

«ቀይ ነዋ፣ ልጄ።»

«የቲማቲም ነው ወይስ የወይን?»

ነርሷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የወይን። እሱም እማዬ መስኮት ጋ ስትቆም ነው የሚቀላው፤ ጓዳ ስትገባ ጥቁር ነበር የሚመስለው።»

«ሰማያዊ ጨምርበት» አለችው ወንድሟን። «በዛ፣ መልሰው። ወርቁንም አታስጩኸው፣ ቀላ ይበል።»

ቀለሙ ሲገባ ጥላው ይታፈናል፤ ያኔ ተራው የእሱ ነው። ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነፍስ ይዘራበታል። እንዲህ ሲቀባበሉ ቆይተው ነርሷ ድንገት ክንዱን ያዙት።

«እንዳትነካው። ይሄው ነው። እማዬ ስትቆጣኝ በዚህ ጣት ነበር የምትጠቁመኝ።» እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

ቀለበቱ ልክ እንደ ሥዕሉ ተሠራ። ባለሱቋ ሥዕሉን አሳትመው መስኮታቸው ላይ ሰቀሉት፤ አሮጌ ፎቶ በኪሱ የያዘ ሁሉ መጉረፍ ጀመረ። ለእህትየውም ኮምፒውተሩ ፊት ሁለተኛ ወንበር ተቀመጠላት። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይመልሳል፦

«ብርሃኑ የእኔ፣ ቀለሙ የእህቴ።»