የመጨረሻዋ ስትነሣ

«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሕዝብ የሚባል ሰው እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክሞ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ያየሁት እናቴንና አራት ጓደኞቿን ነው።

አምስቱ ሴቶች ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ በገመድ ጠፍረው፣ በጀርባቸው አዝለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ይወርዱ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ወገብ የሚደርስ የአፈር እርከን አለ፤ ሸክሙን ሳይፈቱ እዚያ ላይ አስደግፈው ጎን ለጎን ተቀምጠው ያርፋሉ። ጭንቁ መነሣቱ ነው። አንዷ ስትነሣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሸክሟን ከሥር ትገፋላታለች፤ የምትገፋውም እየዘፈነች ነው፦

ተነሽ እንውረድ በይ ጀርባሽ ሳይቀዘቅዝ፣
እኛ ነን ወይስ እንጨቱ ሌላውን የሚያጓጉዝ?

ይህን ያወጣችው ከአምስቱ ቀልደኛዋ ናት። የመጨረሻዋን ግን የሚገፋት የለም። ቀድመው የቆሙትም ዞረው ሊረዷት አይችሉም፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሸክሙ ሰፊ ስለሆነ የዞረች ትወድቃለች። አንድ ቀን እንዲህ ከኋላ የቀረችው ጓደኛቸው ተንሸራታ ወድቃ፣ አራቱ ሳያውቁ ትተዋት ሰፈር ደረሱ። ሴትዮዋ ማምሻውን ብቻዋን ብትመለስም፣ እናቴ ያን ቀን አልቅሳ አላባራችም። በማግስቱ እርከኑ ላይ ሲደርሱ ይህን ይዛ መጣች፦

ዞረን አናይሽም፣ አንቺም አትጥሪን፤
ስትነሺ ብቻ በዜማ ንገሪን።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ይኸው ሆነ። አራቱ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ይዘፍናሉ። የመጨረሻዋ እንደምንም ብላ ስትነሣ «አለሁ! አለሁ!» ብላ ትቀበላለች። ያን ሳይሰሙ እርምጃ አይጨምሩም። የመጨረሻ መሆን ደግሞ በተራ ነበር።

ባለፈው በዓል አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም ቤታችን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን ስናይ የእነ እናቴ ዘፈን መጣ። ወጣት ተወዛዋዦች ክብሪት የሚያካክል እንጨት አዝለው ይሽከረከራሉ። የእናቴ ግጥም ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ዞሩ!» አለች እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «አናይሽም እያሉ ዞሩ እኮ! በእኛ ሸክም ቢሆን ይኼኔ ገደል ነበሩ!»

ከሥር ያ ጽሑፍ ወጣ። የሕዝብ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አርፌ አልቀመጥም። የተወዛዋዦቹ ቡድን ቢሮ ሄድኩ። ደራሲው አይታወቅም አሉኝ። ይታወቃል፣ ቤቴ ቁጭ ብላለች አልኳቸው። ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ስመለስ አልሳቁም፤ በሦስተኛው ቀን አንድ የጥናት ባለሙያ ፎርምና መቅረጫ ይዞ እንዲመጣ ተደረገ።

እናቴ ቤት ውስጥ አልዘፍንም አለች። ስለዚህ ሦስታችንም አስፋልቱ እስኪያልቅ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወደ እርከኑ ወጣን። ከላይ የእንጦጦ ፓርክ አጥር ይታያል፤ ጠዋት የሚሮጡ ሰዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ያልፋሉ። እርከኑ ግን እንዳለ ነው። እናቴ ድሮ የምትቀመጥበት ቦታ ሄዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

ባለሙያው መቅረጫውን ከፈተ።

«መጀመሪያ ያወጡትን ሰዎች ስም ጻፍ» አለችው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሕዝብ ዘፈን ሲሆን ደራሲ የሚለው ላይ ‹ያልታወቀ› ብለን ነው የምንሞላው።»

«ለማን ነው ያልታወቀው?»

«ማለቴ፣ አሠራሩ...»

«ላንተ ነዋ ያልታወቀው፣ ልጄ። እኔ አውቃለሁ። ስማቸውን ሳትጽፍ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

አምስቱንም ከነአባት ስማቸው አስጻፈችው። ፎርሙ ላይ የተተወው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ስለነበር ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ጻፈ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ሁለት ጊዜ መልሶ እንዲያነብላት አደረገች። ቀልደኛዋ ጋ ሲደርስ «እሷ ናት ጀማሪዋ፣ እሱንም ጨምርበት» አለችው። አራቱም ጓደኞቿ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቀልደኛዋን የቀበርነው አምና ነው።

ከዚያ ዘፈነች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን አንድ ቃል አልዘለለችም።

ስትጨርስ ላነሣት እጄን ዘረጋሁ። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ከሶፋ የማነሣት እኔ ነኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለችኝ። «የመጨረሻዋን ማን አንሥቷት ያውቃል? ሂጂ፣ ዝፈኝ!»

«እማዬ፣ ብትወድቂስ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩና ጀመርኩ። ዞረን አናይሽም። ባለሙያው አንገቱን ሊያዞር ሲል እጅጌውን ጨምድጄ ያዝኩት። አንድ ጊዜ ዘፍኜ ጨረስኩ፤ ከኋላ ምንም የለም። ደገምኩት። ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ትንፋሽዋንም ሰማሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ግን አልዞርኩም። ሦስተኛውን ጀመርኩ።

«አለሁ!» አለች ከኋላዬ። «አለሁ!»

ያን ጊዜ እርምጃዬን ጨመርኩ።