ለሁለት የተካፈለው ማዕበል

«አቶ መደበኛ» የሚል ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ የሚጠሩት ግን በሌለበት ነው። ጥርሱን በነቀለበት የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የአፉ ማሟሻ አንዲት ትንበያ ነበረች፦ «መደበኛና ለመደበኛ የቀረበ ዝናብ ይጠበቃል።» ተሳስተሃል ያለው የለም። ይልቁንስ በእሷው የክፍል ኃላፊ ሆነ።

ዘንድሮ ግን ውቅያኖሱ አልተመቸውም። በምድር ወገብ ላይ፣ ከውሃው ገጽ በታች፣ ሙቀት የተሸከመ ረጅም ማዕበል ወደ ምሥራቅ ጉዞ ጀምሯል። ከላዩ የሚያልፍ መርከበኛ አያየውም፤ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉት መለኪያዎች ግን ያዩታል። ከወራት በኋላ ማዶ ሲደርስ የላዩ ውሃ ይሞቃል፣ ነፋሱ ይዛባል፣ የእኛም ዝናብ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ አገር ይሄዳል። አቶ መደበኛ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፈሪ እንጂ ደንቆሮ አይደለም።

ባሏ ሞቶባት ገጠር ብቻዋን የምታርሰው ታላቅ እህቱ ደወለች።

«የሚቆየውን በቆሎ ልዝራ ወይስ ቶሎ የሚደርሰውን? ከተሳሳትኩ ሌላ ዘር የለኝም።»

«እቴ፣ ነገ ስብሰባ አለን።»

«ስብሰባው ያዘንባል እንዴ?»

በስብሰባው አንዱ የኮምፒውተር ሞዴል «ድርቅ ይመጣል» አለ፤ ሌላው «ጎርፍ»።

«ጎርፍ ያለው የባሕሩን ልኬት አላስገባም፤ ማዕበሉን አላየውም፤ እንጣለው» አለች አንዲት ባለሙያ።

«የኔ እመቤት፣ ሁለቱንም እናክብር እንጂ» አለና አቶ መደበኛ ደምሮ ለሁለት አካፈለ። ድርቅና ጎርፍ ሲካፈሉ መደበኛ ሆነው ወጡ። አንዱ ልጅ በረሃብ፣ ሌላው በቁንጣን ሲያቃስቱ፣ በአማካይ ጠግበዋል እንደ ማለት ነው።

«መደበኛ ነው፤ የሚቆየውን ዝሪ» አላት እህቱን በስልክ።

«ማልልኝ።»

«ሳይንስ በመሐላ አይሆንም፣ እቴ።»

ዘራች። ማዕበሉ ማዶ ደረሰ። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ።

እህትየው ልጆቿን አስከትላ፣ ፍራሽ አሸክማ ቤቱ መጣች። እሱ ማንኛውም ትንበያ ስላለው የስሕተት ወሰን ማስረዳት ጀመረ።

«ተወው ወንድሜ» አለች፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች። «ዝናብ እስኪጥል እዚሁ ነን። መቼ እንደሚጥል አንተ ታውቀዋለህ።»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «መቼ ነው?»

አቶ መደበኛ የእህቱን ፍራሽ እስከ ከርሞ ወደሚቆይበት መኝታ ቤት መጎተት ጀመረ።